የተቀረጸ ዘፈንና የሰሚው ፍርድ

ዘፈን በዘፋኙ አፍ ይጀመራል እንጂ በዘፋኙ አፍ አይፈጸምም፤ የሚፈጸመው በሰሚው ጆሮና በሰሚው ልብ ነው። ስለዚህም አንዱ ዘፈን ለአንዱ ደስታ ሲሆን ለሌላው ቍጣ ይሆናል። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ እንደ ተጻፈው፣ ዳዊት ጎልያድን ገድሎ በተመለሰ ጊዜ የእስራኤል ሴቶች ከየከተማው በከበሮና በደስታ ወጥተው ሳኦልንም ዳዊትንም በአንድ ዘፈን አመሰገኑ። ሕዝቡ የሰማው የድል ዘፈን ነበር፤ ሳኦል ግን ለዳዊት የተሰጠው ቍጥር ከእርሱ መብለጡን ብቻ አዳምጦ የዙፋኑን መናወጥ ሰማ። ከዚያም ቀን ጀምሮ ዳዊትን በክፉ ዐይን ተመለከተው። ዳግመኛም ዳዊት ነግሦ በታቦቱ ፊት ባሸበሸበ ጊዜ የሳኦል ልጅ ሜልኮል በመስኮት አይታ በልቧ ናቀችው። ሕዝቡ ያየው ምስጋና ነው፤ እርስዋ ያየችው የንጉሥን ክብር የሚያዋርድ ሥራ ነው።

ከእነዚህ ከሁለቱ ታሪኮች የሚገኘው ትምህርት ይህ ነው፤ በዘፈን ላይ የሚሰጥ ፍርድ ስለ ዘፈኑ የሚመሰክረውን ያህል ስለ ሰሚውም ይመሰክራል። ይህም ነገር በእኛው አገር፣ በቅርቡ ዘመን፣ በጎጃም ተወላጅ በእጅጋየሁ ሽባባው ዘፈን ላይ በተነሣው ክርክር በግልጥ ታይቶአል። ነገር ግን የክርክሩን ሥር ለማግኘት የሚሻ ሰው አስቀድሞ የጎጃም ሰው ዘፈንን እንዴት ሲሰማ እንደ ኖረ፣ ዘፈንም በመሣሪያ በተቀረጸ ጊዜ በሰሚው ላይ ምን እንደ ደረሰ ማወቅ ያሻዋል።

ጎጃም የቅኔ አገር መሆኑ ከማንም የተሰወረ አይደለም። ከሦስቱ ስመ ጥር የቅኔ ቤቶች፣ ከዋድላ፣ ከጎንጅና ከዋሸራ፣ ሁለቱ የጎጃም ናቸው፤ ደብረ ኤልያስና ዲማ ጊዮርጊስም ከልዩ ልዩ አውራጃ የመጣውን ተማሪ ሲያስተምሩ ኖረዋል። የቅኔ ተማሪ ለምኖ ባገኘው ቍራሽ ረኃቡን አስታግሦ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ ከሰው ተለይቶ ቅኔውን ይቈጥራል፤ ከዚያም ወደ መምህሩ ቀርቦ የቈጠረውን ይነግራል። መምህሩ ሰሚ ነው፤ ዳሩ ግን በዝምታ የሚያልፍ ሰሚ አይደለም። ቤቱ የጐደለውን ያቀናል፣ ምሥጢሩ የሳተውን ይመልሳል፣ የሰመረለትንም «ይበል» ብሎ ያጸናል። በቤተ መቅደስም ቅኔ በሚዘረፍበት ጊዜ አንዱ ይሰጣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ተቀባዩ ቃሉን ሳያፋልስ ካላነሣው የባለ ቅኔው ድካም ለጉባኤው አይደርስም። ከዚህም በላይ ቅኔ ለበዓሉ ዐዲስ ሁኖ ይቀርባል እንጂ የአምናው ለዘንድሮ ተደግሞ አይመጣም። ስለዚህ የቅኔ ሰሚ የሚሰማውን ሁሉ አንድ ጊዜ ብቻ ይሰማዋልና ጆሮው የነቃ፣ ልቡም የፈጠነ መሆን ይገባዋል።

የአዝማሪውም ዘፈን በሥርዐትና በማዕርግ ከዚህ እጅግ የራቀ ቢሆን በአኳኋኑ ከዚሁ ጋር የሚተያይ ነገር አለው። አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ በሠርግ ቤት ወይም በጠጅ ቤት ሲቀመጥ ብቻውን አይዘፍንም። ከሰሚዎቹ አንዱ እጁን አንሥቶ «ተቀበል» ይለዋል፤ ግጥሙንም ይሰጠዋል፤ አዝማሪውም የተሰጠውን ቃል ተቀብሎ በዜማ መልሶ ለቤቱ ሁሉ ያሰማዋል። ሰሚው ደስ ሲለው ይሸልማል፤ ቅር ሲለውም ቅሬታውን በግጥም አድርጎ ለዚያው ለአዝማሪው ይሰጠዋል፤ አዝማሪውም የራሱን ነቀፋ ራሱ ይዘፍነዋል። ሙገሳውም ነቀፋውም የዘፈኑ አካል ነው። እንግዲህ ሰሚው በዘፈኑ ላይ ፍርድ የሚሰጠው ከውጭ ቁሞ ሳይሆን ከውስጥ ገብቶ ነበር።

በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመንም ነገሩ እንዲሁ ነበር። ዐፄ ዮሐንስ በ1873 ዓ.ም. ለጎጃም ካነገሡአቸው በኋላ መናገሻቸው የሆነው፣ ቀድሞ መንቆረር ይባል የነበረው፣ ዛሬ ደብረ ማርቆስ የሚባለው ከተማ የካህናትም የመኳንንትም መሰብሰቢያ ሆኖአል። በታላላቆች ግብር ላይ አዝማሪ አይታጣም፤ አዝማሪውም ሌላው ሊናገረው የማይደፍረውን ነገር በኅብረ ቃል ሸፍኖ ለጌታው ለራሱ ያሰማ ነበር። የገባው ይስቃል፤ ያልገባውም የሳቀውን አይቶ ይስቃል። ለዚህ ለዘፈን ጉባኤ ቤተ ክርስቲያን ከጥንት ጀምሮ ወሰን አብጅታለታለች፤ በሎዶቅያ የተሰበሰቡት አባቶች በ54ኛው ቀኖናቸው ካህናት በሠርግና በግብር ቤት ዘፋኞች ከመግባታቸው አስቀድሞ ተነሥተው እንዲሄዱ አዝዘዋል። ይሁን እንጂ ደጅ ላይ የሚሰማው ድምፅ ወሰን አያውቅም፤ የቅኔ ተማሪውም አዝማሪውም በአንድ አገር ቋንቋ፣ በአንድ አገር አየር ያደጉ ናቸውና ሰምና ወርቅን መለየት ለሁለቱም የጋራ ሀብት ሁኖ ኖረ።

ከዚህ በኋላ ድምፅን ከባለ ድምፁ የሚለይ መሣሪያ መጣ። የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ በአውሮፓ ቍጥር በ1898 ለዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ የላኩት ቃል በፎኖግራፍ ተቀርጾ ወደ ኢትዮጵያ ደረሰ። ንግሥቲቱ በአገራቸው ተቀምጠው ሳለ ድምፃቸው በሸዋ ቤተ መንግሥት ተሰማ። ዐሥር ዓመት ያህል ቈይቶ ደግሞ በ1908 ኋላ ነጋድራስ የተባሉት ተሰማ እሸቴ የአውቶሞቢል ሥራ ይማሩ ዘንድ ወደ ጀርመን አገር ተላኩ፤ በዚያም ሳሉ ዘፈኖቻቸውን በሸክላ አስቀረጹ። እኒህ ሰው የኢትዮጵያ ስፖርት አባት የሚባሉት የአቶ ይድነቃቸው ተሰማ አባት ናቸው፤ በግጥም ዐዋቂነታቸውም ስማቸው የገነነ ነበር። የኢትዮጵያ ዘፈን በሸክላ መውጣት የጀመረው በእርሳቸው ድምፅ ነው። ሸክላዎቹም ከመቶ ዓመት በኋላ በሲዲ እንደ ገና ታትመው ለዛሬው ትውልድ ተሰምተዋል።

ይህ ታላቅ በረከት ነው፤ የሞተ ሰው ድምፅ ከመቃብር በላይ ኖሮ የልጅ ልጆቹን ሊያስተምር ችሎአልና። ነገር ግን በረከቱ ያለ ዋጋ አልተገኘም። ሸክላ የሚሰማ ሰው «ተቀበል» ቢል የሚቀበለው የለም። ግጥም ቢሰጥ የሚያነሣለት የለም፤ ቢሸልምም ሽልማቱ ከዘፋኙ አይደርስም። ዘፈኑ ሺሕ ጊዜ ቢደገም አንዲት ቃል አይለወጥበትም። የዘፈኑ ተካፋይ የነበረው ሰሚ ከደጅ የቆመ ዳኛ ሆነ፤ በእጁም የቀረው መውደድና መጥላት፣ ማመስገንና መንቀፍ ብቻ ነው። በዘፈን ምክንያት የሚነሣው የዘመናችን ክርክር መብዛቱ ከዚህ የተነሣ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም፤ ቀድሞ ለአዝማሪው ይሰጥ የነበረው ግጥም ዛሬ መውጫ አጥቶ ለጎረቤት የሚነገር ነቀፋ ሁኖአልና።

ከነጋድራስ ተሰማ በኋላ የተቀረጸ ዘፈን በኢትዮጵያ ቀስ በቀስ ተስፋፋ። በ1927 ዓ.ም. የሀገር ፍቅር ማኅበር ተመሠረተ፤ ከጠላት ወረራ በኋላም የአገሩን ዘፈን በመድረክ ላይ አቀረበ። በአውሮፓ ቍጥር በ1969 አምኃ እሸቴ በግሉ ሸክላ ማሳተም ጀመረ። ከዚያም ካሴት የሚባለው መጣ፤ እርሱም ርካሽና ለመያዝ የቀለለ ነበርና የሸክላ ማጫወቻ አይቶ ከማያውቀው ከገጠሩ ሰው ሳይቀር ደረሰ። እንደ ይሁኔ በላይና እንደ ሰማኸኝ በለው ያሉ ዘፋኞች የጎጃምን ዜማና የጎጃምን እስክስታ በካሴት አስቀርጸው በአገሩ ሁሉ አሰሙ። ስለዚህ የጎጃም ሰው «የእኔ ዘፈን» ሲል በልቡ የሚሰማው ያ በካሴት የለመደው ሆነ።

እጅጋየሁ ሽባባው፣ ብዙዎች ጂጂ ብለው የሚጠሯት፣ በአውሮፓ ቍጥር በ1974 በቻግኒ ተወለደች። ቻግኒ ከደብረ ማርቆስ ደጋ ወደ ምዕራብ፣ በአገው ምድር በኩል የሚገኝ ከተማ ነው። ከብዙ ወንድሞችና እኅቶች ጋር አደገች፤ በቤተሰቧም ቤት ከካህን የቤተ ክርስቲያንን ዜማ እንደ ተማረች ስለ ሕይወቷ በተነገረው ሁሉ ይገኛል። ከዚያም ወጥታ በኬንያ ተቀመጠች፤ በ1998 ገደማ ወደ አሜሪካ ተሻገረች። አስቀድማ ለኢትዮጵያውያን ሰሚዎች የሚሆኑ ዘፈኖችን አውጥታ ነበር። ነገር ግን በስሟ ብቻ ተጠርቶ በዓለም ገበያ የወጣላት የመጀመሪያው ሲዲ በ2001 የታተመው ነው፤ የሲዲውም ስም ያው የመጠሪያ ስሟ «ጂጂ» ነበር።

ያሳተመው ፓልም ፒክቸርስ የሚባለው ኩባንያ ነው፤ ባለቤቱም ክሪስ ብላክዌል ቀድሞ የጃማይካውን የቦብ ማርሊን ዘፈን ለዓለም ያሰራጨ ሰው ነበር። የሙዚቃውን ሥራ ያቀናበረው አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነው። በመሣሪያም ያጀቡአት ሄርቢ ሃንኮክን፣ ዌይን ሾርተርንና ፋሮህ ሳንደርስን የመሳሰሉ በጃዝ ሙዚቃ ስማቸው የተጠራ ታላላቅ ሰዎች ናቸው፤ የሕንድ ከበሮና የምዕራብ አፍሪካ ከበሮም ገብቶበታል። የዘፈኖቹ ስም ግን ከአገሯ ያልወጣ ነው፤ «ዓባይ»፣ «ባለ ዋሽንቱ»፣ «ጉራማይሌ»፣ «ካህን»፣ «ዓድዋ» የሚባሉ ይገኙባቸዋል። ቃሉ የጎጃም፣ ልብሱ የባሕር ማዶ የሆነ ሥራ ነው ማለት ይቻላል።

ይህ ሲዲ በተሰማ ጊዜ የሰሚው ፍርድ ተከፈለ። በባሕር ማዶ የሙዚቃ ዐዋቂዎች ዘንድ ታላቅ ምስጋና አገኘ፤ በአገር ቤት ግን ብርቱ ክርክር አስነሣ። የነቀፉት ሰዎች ነገር በጥቅሉ ይህ ነበር፤ ዘፈኑ ከተለመደው መንገድ እጅግ ወጥቶአል፤ የአገሩ መሣሪያ በእንግዳው ተውጦአል፤ ለእስክስታ አይመችም፤ ድምፅዋ ያማረ ሳለ ያጀባት ነገር አገርኛ አይደለም። ያመሰገኑት ደግሞ፣ ይልቁንም በስደት ያሉትና ወጣቶቹ፣ የአገራችን ድምፅ ከዓለም ታላላቆች ጋር እኩል ተቀምጦ ስለ ተሰማ ክብር ነው አሉ። በሦስተኛው ወገን የቆሙት ሰሚዎች በዘፈኑ ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ጠረን አግኝተው፣ ማኅሌት የሚሸት ነገር በዘፈን መካከል ምን ይሠራል ብለው ተጨነቁ።

እነዚህን ፍርዶች አንድ በአንድ መመርመር ይገባል፤ ከሦስቱም አንዱ እንኳ ፈጽሞ ከንቱ አይደለምና፤ ከሦስቱም አንዱ እንኳ ሙሉ አይደለምና።

አስቀድሞ ልማድ ተጣሰ ያሉት ይመርመሩ። እነዚህ ሰዎች ስለ አገራቸው ነገር መቅናታቸው የሚመሰገን ነው፤ የማይቀና ሰው ንብረቱን ይዘረፋልና። ዳሩ ግን ተጣሰ ያሉት ልማድ ዕድሜው ስንት ነው? በካሴት ዘመን የተቀረጸውን ዘፈን ልብ ብሎ ያዳመጠ ሰው በአብዛኛው ማሲንቆና ዋሽንት ብቻውን አይሰማም፤ ኦርጋን የሚባለውን የባሕር ማዶ መሣሪያ፣ ጊታርንና ሳክስፎንን ይሰማል። የነሐስ መለከቱም ቢሆን በአገሩ የተስፋፋው ራስ ተፈሪ በአውሮፓ ቍጥር በ1924 ከኢየሩሳሌም ባስመጧቸው በአርባው የአርመን ልጆችና በመምህራቸው በኬቮርክ ናልባንዲያን ነው። ሰሚው «አባቶቼ ያቆዩኝ» ያለው ነገር ብዙው በአባቱ ዘመን ገና እንግዳ የነበረ ነው። እንግዳ ውሎ ሲያድር ቤተኛ ይሆናል፤ ቤተኛ የሆነውም ዛሬ የመጣውን እንግዳ ከደጅ ይመልሳል። ስለዚህ የነቀፋው ሥር መሣሪያው መሆኑ ቀርቶ ሌላ ነገር ሳይሆን አይቀርም።

ያም ሌላ ነገር «ተቀበል» ማለት የማይቻል መሆኑ ነው። የካሴቱ ዘፈን ምንም እንኳ የተቀረጸ ቢሆን ለሠርግና ለማኅበር ይሆን ነበር፤ ሰሚው ግጥም መስጠት ቢቀርበት እንኳ በጭብጨባውና በእስክስታው ከዘፈኑ ይገባ ነበር። የእጅጋየሁ ሲዲ ግን ተቀምጦ በዝምታ የሚሰማ ነው። የጎጃም ሰው ደግሞ በዝምታ የሚሰማው ቅዳሴንና ለቅሶን እንጂ ዘፈንን አልነበረም። ከደጅ የቀረ መስሎት ተቈጣ፤ ቍጣውንም በመሣሪያው ላይ አወረደው። በዚህ ረገድ ሲታይ ነቃፊው የተናገረው ነገር ስቶአል፤ የተሰማው ነገር ግን እውነት ነበር።

የባሕር ማዶው አመስጋኝስ? እርሱ ከነቃፊው ይልቅ ልቡ የሰፋ ይመስላል፤ እንግዳውን ድምፅ ያለ ጥርጥር ተቀብሎአልና። ነገር ግን የቃሉን ፍች አላወቀም። ድምፅዋን እንደ ዋሽንት፣ እንደ በገና አዳመጠው፤ ምን እንዳለች ግን አልሰማም። ለዚህም ምስክሩ ይኸው ቢል ላስዌል ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2003፣ ያንኑ ሥራ እንደ ገና አቀናብሮ ሲያወጣው የመሣሪያው ድምፅ ወደ ፊት ቀርቦ የሴቲቱ ቃል ወደ ኋላ መራቁ ነው። ቃሉን ለማያውቅ ሰው የጐደለ ነገር የለም፤ ቃሉን ለሚያውቅ ግን እህሉ ወጥቶ ገለባው ቀርቶአል። እንግዲህ ሁለቱም ወገኖች ከሰሙ ላይ ቁመው ቀሩ ማለት ነው። አንዱ ሰሙ እንግዳ ሆነበትና ጣለው፤ ሌላው ሰሙ አማረውና ታቀፈው፤ ወርቁን የፈተነ ግን ከሁለቱም ወገን ጥቂት ነው።

ሦስተኛው፣ ስለ ቤተ ክርስቲያን ዜማ የተጨነቀው ሰሚ፣ ጭንቀቱ በቀላል የሚታለፍ አይደለም። ቅዱስ ያሬድ በስድስተኛው መቶ ዓመት በዐፄ ገብረ መስቀል ዘመን ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ብሎ የሠራው ዜማ ለእግዚአብሔር ምስጋና የተለየ ነው፤ ማኅሌትን ለዓለም ዘፈን ማዋል ንዋየ ቅድሳትን ለገበያ እንደ ማውጣት ይቈጠራል። ይህ ወሰን የጸና ነው፤ ሊጸናም ይገባል። ነገር ግን ማኅሌትን መስረቅ ሌላ ነው፤ ከልጅነት ጀምሮ በጆሮ የገባ የዜማ ጠባይ በድምፅ ውስጥ መገኘቱ ሌላ ነው። ሌሊቱን በማኅሌት፣ ንጋቱን በኪዳን ድምፅ ሲነቃ ያደገ የጎጃም ልጅ ሲያንጐራጕር አራራይ ቢሸተው አያስደንቅም፤ እረኛውም በዋሽንቱ እንዲሁ ያደርጋል። በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር የቆመ ሰው ልብሱ ዕጣን ይሸታል፤ ወደ ገበያ ቢሄድም ሽታው አብሮት ይሄዳል እንጂ ዕጣኑን ሰረቀ አይባልም።

ደግሞም ከተጨናቂዎቹ አንዳንዱ ነገሩ የከበደበት ዜማ የተማረችው ሴት ስለ ሆነች ነው። ይህ ሰው የሙሴ እኅት ማርያም ባሕሩን ከተሻገሩ በኋላ ከበሮ ይዛ ሴቶቹን በምስጋና እንደ መራች ያስብ። ከዚህም ሳይርቅ የራሱን የጎጃምን ታሪክ ይጠይቅ። ዐይነ ስውር የነበሩት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ቅኔን ከአባታቸው ተምረው፣ በጎጃም ምድር ወንበር ዘርግተው፣ ወንዶቹን ደቀ መዛሙርት ቅኔ አስተምረዋል። የእማሆይ ገላነሽ ሥራ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተሠራ ነው፤ የእጅጋየሁ ሥራ የዓለም ነው፤ ሁለቱን ማስተካከል አይገባም። ነገር ግን የጎጃም ቃል በሴት አፍ ሲሰምር ይህ የመጀመሪያው አለመሆኑን ማወቅ ለፈራጁ ይጠቅመዋል።

የሰሚው ፍርድ እንዲህ ተከፋፍሎ ሳለ ሌላ ዳኛ መጣ፤ እርሱም ዘመን ነው። በሲዲው ላይ «ዓባይ» የሚባለው ዘፈን የወንዙን ጥንታዊነትና ውበት ያመሰግናል፤ ለበረሓው ሰው ሲሳይ መሆኑን፣ የአገሩ ሰው በነካውም ጊዜ ሌሎች መንቀጥቀጣቸውን ያነሣል። ለደብረ ማርቆስና ለአካባቢው ሰው ዓባይ በሩቅ የሚሰማ ስም አይደለም። ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ ይመነጫል፤ ወደ ጣና ገብቶ ይወጣል፤ ከዚያም ጎጃምን እንደ መቀነት ዙሮ ወደ ሱዳን ይወርዳል። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚመጣ መንገደኛ ሁሉ ያን ታላቅ ገደል ወርዶ መውጣት ግዴታው ነው፤ ድልድይ ባልነበረበትም ዘመን ወንዙ በክረምት ሲሞላ ዘመድ ከዘመዱ ይለይ ነበር። አፈሩን ጠርጎ ሲሄድ እያየ የኖረ ገበሬ የዘፈኑን ወርቅ ለማግኘት መምህር አያሻውም።

እንግዲህ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. በጉባ የታላቁ ግድብ የመሠረት ድንጋይ በተጣለ ጊዜ፣ ዐሥር ዓመት ያህል አስቀድሞ የተዘፈነው «ዓባይ» እንደ ገና በየቤቱና በየአደባባዩ ተሰማ። ቃሉ ያው ነው፤ መሣሪያውም ያው ነው፤ ቢል ላስዌል ያቀናበረው እንግዳ ድምፅ አንዲት ነጥብ አልተለወጠችበትም። የተለወጠው ሰሚው ነው። ቀድሞ ልብሱ አገርኛ አይደለም ያለው ሰው አሁን ልብሱን ረስቶ ቃሉን ሰማ። ግድቡም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. እስኪመረቅ ድረስ ዘፈኑ ከሥራው ጋር አብሮ ሲነሣ ቈየ። «ዓድዋ» የሚባለውም እንዲሁ የካቲት 23 ቀን በ1888 ዓ.ም. የተገኘው ድል በሚታሰብበት ዕለት በብዙ ስፍራ ይሰማል። ይህን ሥራ የነቀፈው ሰው ልጅ ዛሬ «ዓድዋ»ን ሲሰማ የአባቶቹ ደም ይታሰበዋል እንጂ የጃዝ መሣሪያ አይታሰበውም። እንግዳው ቤተኛ ሆነ፤ ምናልባትም ነገ ተነገ ወዲያ ሌላውን እንግዳ የሚመልሱት በዚሁ ስም ይሆናል።

ዘፋኟም ራሷ ነገሩን ያስተዋለችው ይመስላል። በ2006 ያወጣችውን ሌላውን ሥራዋን የሰየመችው ከቅኔ ቤት በወጣ ስም፣ «ወርቅና ሰም» ብላ ነው። ስሙ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው፤ ምሥጢሩ ግን የዋሸራና የጎንጅ ነው። ሰሙን ለሚወደው ሰሙን፣ ወርቁንም ለሚያውቀው ወርቁን አቀረበች ማለት ነው። በቅኔ ቤት ሰምና ወርቅ የሚለየው በሰሚው ትጋት እንደ ሆነ ሁሉ በዚህም እንዲሁ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚወሰደው ትምህርት ዘፈን አይነቀፍ የሚል አይደለም። ያልተነቀፈ ቅኔ እንደማይቀና ያልተነቀፈ ዘፈንም አይሻሻልም። በእጅጋየሁ ሥራ ላይም እንግዳው መሣሪያ የቃሉን ጥራት የጋረደበት ስፍራ ቢኖር ይህን መናገር ተገቢ ነው። ነገር ግን የቅኔ መምህር የተማሪውን ነገራ ሲሰማ ሦስት ሥራ ይሠራል፤ አስቀድሞ ቃሉን እስከ መጨረሻው ይሰማል፤ ቀጥሎ የሚፈታውን ይፈታል፤ በኋላም ይፈርዳል። ሳይፈታ የሚፈርድ መምህር ጉባኤው ይበተናል። የተቀረጸ ዘፈን ሰሚም ይህን ሥርዐት ቢይዝ ይጠቀማል፤ ከቀድሞው ሰሚ የተወሰደበት ነገር ቢኖርም የተጨመረለት ደግሞ አለና። የቀድሞው ሰሚ ያመለጠውን ቃል መልሶ ሊያገኘው አይችልም ነበር። የዛሬው ሰሚ ግን ዛሬ ሰምቶ፣ ነገ ደግሞ ሊሰማ፣ ዐሥር ዓመት ቈይቶም የመጀመሪያ ፍርዱን ሊመረምር ይችላል። «ተቀበል» የማለት ሥልጣኑ ቢቀርበት «ይደገም» የማለት ሥልጣን ተሰጥቶታል። ይህን ሥልጣን ለመደሰቻ ብቻ ሳይሆን ለመመርመሪያ ቢያውለው፣ የአገሩን ቃል በእንግዳ ልብስ ውስጥ እንኳ ሁኖ ሲመጣ ያውቀዋል፤ በአገር ልብስ ተሸፍኖ የሚመጣውንም ባዶ ቃል ለይቶ ይተወዋል።

ሳኦል የሴቶቹን ዘፈን አንድ ጊዜ ሰምቶ ፈረደ፤ ፍርዱም ዕድሜውን ሙሉ ሰላም ነሣው። ዳግመኛ በጸጥታ አዳምጦት ቢሆን ስሙ ከዳዊት ስም ጋር በአንድ ምስጋና መጠራቱን ባገኘ ነበር። ስለዚህም ለዘፈን ሰሚ ሁሉ ይህ ይበቃዋል፤

ፈጥኖ የፈረደ ሰሙን ይዞ ቀረ፤
ደግሞ የሰማ ግን ወርቁን መረመረ።